በእጄ ላይ ያለፈው ባቡር

ባለፈው ሳምንት ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት ከነጠላቸው ጫፍ ትንሽ ብልቃጥ ፈቱና ጣቶቻቸውን በጥቁር አዝሙድ ዘይት ያሹ ጀመር። መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነበር። ረዳቱ «እናቴ፣ ወጥ ሊሠሩብን ነው እንዴ?» አላቸው፤ ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል ግራ እጄን አየሁት። ሳላዘው ጭኔ ላይ ተዘርግቷል። መዳፉ ወደ ላይ ዞሮ፣ ጣቶቹ ላላ ብለው፣ የሚይዘውን ሰው ይጠብቃል።

«አንቺንም ያምሻል ልጄ?» አሉኝ ባልቴቷ።

«አያመኝም እናቴ» አልኩና እጄን ጨበጥኩት። አምባ ጊዮርጊስ እስክንደርስ አልፈታሁትም።

ያ ሽታ የአያቴ ሽታ ነው። ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ የእቴጌይቱ ፍርስራሽ ግንብ በአጥሩ ላይ በሚታይበት ግቢ ውስጥ ከእናቴና ከእናቴ አባት ጋር እኖር ነበር። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩ መሪጌታ ነበሩ፤ ከፀሐይና ከጨረቃ ጉዞ ተነሥቶ የዓመቱ ጾምና በዓል መቼ እንደሚውል የሚቆጠርበትን ትምህርት። ዓይናቸው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ቢሆንም በየዓመቱ በቅዱስ ዮሐንስ ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው የአዲሱን ዓመት ቁጥር ለሕዝቡ የሚያውጁት እሳቸው ነበሩ። ወጣቶቹ መምህራን በወረቀት ያሰሉታል። አያቴ በጣት።

«ጨረቃና ፀሐይ አብረው ተነሥተው፣ ተቀዳድመው፣ ተጠባብቀው፣ ወደ ተነሡበት ቦታ እኩል የሚመለሱት በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው» ይሉኝ ነበር። «እስቲ የግራ እጅሽን አንጓ ቁጠሪው።»

አሥራ አራት ሆነ።

«ጥፍሩን ጨምሪበት።»

አሥራ ዘጠኝ።

«አየሽ? ሰማዩን የሠራው ጌታ መለኪያውን የት እንዳስቀመጠው!»

የእሳቸው ጣቶች ግን በቁርጥማት እንደ ዝንጅብል ተቆላልፈው ነበር። «ቁጥሩ እጄ ላይ አይረጋም» ይላሉ። ስለዚህ በእኔ እጅ ይቆጥሩ ነበር። የበግ አጎዛው ላይ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ ግራ እጄን ይወስዱና ከትንሿ ጣቴ ሥር ይነሣሉ። አንጓ በአንጓ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ጣት፣ እስከ አውራ ጣት። ከዚያ ተመልሰው አምስቱን ጥፍሮች። መጨረሻው የአውራ ጣቴ ጥፍር ነው። የነኩት ሁሉ ጥቁር አዝሙድ ጥቁር አዝሙድ ይሸታል። ቆጥረው ሲያበቁም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ ያረፉበት ቁጥር የዓመቱ ወንበር ይባላል።

«አንድ ለዘመኑ» ይላሉ። «አዲሱ ዓመት ገና መግባቱ ነው፤ አልሄድንበትም። ያልተሄደበት አይቆጠርም።»

ሰማይ የተቆጠረበት እጅ ያላት ልጅ በሰፈሩ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን ለማንም አልናገርም፤ ግን ገመድ ዝላይ ስንጫወት በግራ እጄ ገመድ አልይዝም፣ ዕቃ ሳጥብም አመዱን የምነካው በቀኜ ነው። አንድ ቀን ሽንኩርት ስከትፍ ቀለበት ጣቴን ቆረጥኩትና በጨርቅ ጠቀለልኩት። ያን ማታ ጨረቃ ሳትወጣ ቀረች። ሐምሌ ነው፤ ደመናው ከጣራችን በላይ ያለ አይመስልም። እኔ ግን ጨርቁን ፈትቼ ጣቴን ወደ ውጭ አሳየሁ፤ መንገዱን የዘጋሁባት መስሎኝ ነበር።

በዚያው በሐምሌ ቤዛ መጣች።

ቤዛ የአጎቴ የጋሻው ልጅ ናት። አጎቴን አይቼው አላውቅም። ገና ጎረምሳ ሳለ አያቴ ካስገቡት ቅኔ ቤት ጠፍቶ ድሬዳዋ ሄዶ ባቡር ውስጥ ሥራ ይዟል፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ በቤታችን አይጠራም። እናቴ ስለ እሱ መናገር ሲኖርባት «ያ የሄደው» ትላለች፣ አያቴ ደግሞ ያልሰሙ መስለው መቋሚያቸውን ይደባብሳሉ። እንግዲህ የዚያ የሄደው ልጅ፣ በዕድሜ እኩያዬ፣ አንድ ፌስታል ልብስ ይዛ፣ በጭቃ በማይሆን ክፍት ጫማ በራችን ላይ ቆመች።

እናቴ እጇን ይዛ ወደ አያቴ አቀረበቻት። «አባባ፣ የጋሻው ልጅ ናት። ክረምቱን ከእኛ ጋር ትክረም ብሎ ልኳት ነው።»

አያቴ መቋሚያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ በዚያ በታጠፈ እጃቸው ራሷን፣ ግንባሯን፣ አፍንጫዋን ዳሰሱ። «ምንድን ነው የምትሸቺው?» አሉ።

«የባቡር ነዋ አባባ! ብረትና ዘይት ነው።»

ውሸቷን ነው። ሁለት ቀን አውቶቡስ ውስጥ ስታስመልስ ነው የመጣችው፤ የሸተተችው እሱን ነው። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ሁሉንም አይቻለሁ። አያቴ ግን እጃቸውን ከራሷ ላይ አላነሡም።

ለሁለት ቀን ያህል ወደድኳት። ሲገርማት «አቦ!» ትላለች፤ ዝናቡን እንደ ሰው ትሰድበዋለች፤ ሽሮውን በርበሬ አነሰው ትላለች። በሦስተኛው ቀን አያቴ እንደ ልማዳቸው ሰባቱን ሰማያት ያስቆጥሩኝ ጀመር። ከላይ ወደ ታች ስወርድ ቆይቼ ከመላእክት ከተሞች ደረስኩ፤ «ኢዮር፣ ራማ፣ ኤረር» አልኩ።

«ኤረርን አውቀዋለሁ» አለች ቤዛ ከምድጃው አጠገብ።

«ምን አልሽ?»

«ኤረርን። ጣቢያ ነው፣ አባባ። ሙሉ፣ አፍደም፣ ጎታ፣ ኤረር፣ ሁርሶ፣ ድሬዳዋ።» በአንድ ትንፋሽ ነው የጠራቻቸው። «ብርቱካን አለ። ከመሬት የሚፈላ ውኃም አለ።»

አያቴ ቀና ብለው ተቀመጡ። «መላእክትስ?»

«እኔ አላየሁም። ፍየል ግን ሞልቷል።»

አያቴ ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም፤ ትከሻቸው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። እናቴ የያዘችውን ማማሰያ ይዛ ከማድ ቤት ወጥታ ልታይ መጣች።

«አባትሽ በዚያ በኩል ያልፋል?» አሉ፣ ሳቃቸው ሲበርድ።

«እሱ እኮ ነው የሚነዳው፣ በየሳምንቱ! እኔንም አጠገቡ አስቀምጦኝ እስከ ባሕሩ ወስዶኛል።»

«እሱ ቅኔ ቤቱን ጥሎ ኤረር ገባ በይኛ» አሉ አያቴ። ድምፃቸው ውስጥ የነበረውን ነገር ያኔ አላወቅሁትም። እኔ የቆጠርኩት ሰባቱን ሰማያት ተሳስቼ አለማወቄን፣ እሳቸውም ለሰባቱ ሰማያት ስቀው አለማወቃቸውን ነው።

ከዚያ በኋላ ክረምቱ የቤዛ ሆነ። ጎንደር ሐዲድ ደርሶ አያውቅም፤ እኛ ሰፈር ባቡር የሚባለው እህል የሚፈጨው ሞተር ነው። ቤዛ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ቁስቋምን ሐዲድ ዘረጋችበት። ዝናቡ ጋብ ሲል የሰፈሩን ልጆች አንዱን ከሌላው ቀሚስና ሸሚዝ ጀርባ አያይዛ በፍርስራሹ ግንብ መሃል ትነዳቸዋለች። የፈረሰው በር ሁሉ ጣቢያ ሆነ። ቆመው ተሳፋሪ ያወርዳሉ፤ ያፏጫሉ፤ ከድንጋዩ ጋር ጆሯቸውን አጣብቀው ከሩቅ የሚመጣ ባቡር ያዳምጣሉ።

እኔን ሁልጊዜ የመጨረሻ ፉርጎ ታደርገኛለች።

«ምነው ሁልጊዜ እኔ?» አልኳት አንድ ቀን።

«የመጨረሻው ፉርጎ እኮ ፍሬን ይይዛል፣ ትርንጎ። የታመነ ሰው ነው የሚደረገው።»

«ውሸታም።»

«ወላሂ!» አለችና ቶሎ አፏን በእጇ ያዘች። «አባባ እንዳይሰሙኝ።»

ልጆቹ ቤታቸው ሲገቡ ብቻዬን ወደ ግንቡ ተመልሼ ጆሮዬን ድንጋዩ ላይ አደረግሁ። ቀዝቃዛ ነበር፤ እርጥብ ሣር ይሸታል። ለረዥም ጊዜ አዳመጥኩ። የራሴን ደም ብቻ ነው የሰማሁት። እሷ የምትሰማውን ለእኔ ስለማይነግረኝ ድንጋዩን በርግጫ መታሁት፤ ለሦስት ቀን አነከስኩ።

ዋናው ነገር የሆነው ግን ከወፍጮ ቤት በተመለስኩበት ቀን ነው። እናቴ ጤፍ አሸክማኝ ሄጄ ነበር። ወረፋው ረዘመ፤ ስመለስ ከፀጉሬ እስከ እግሬ ዱቄት ሆኜያለሁ። በሩን ገፋ ሳደርግ ቤዛ አጎዛው ላይ ተቀምጣለች። በእኔ ቦታ። ግራ እጇ በአያቴ እጅ ውስጥ ነው።

«መተሐራ» ይላሉ አያቴ፣ የትንሿን ጣቷን ሥር ይዘው። «አዋሽ። አሰቦት።» ወደ ቀለበት ጣቷ አለፉ። «ሚኤሶ። ሙሉ። አፍደም።»

«ጎበዝ አባባ! ቀጥሉ።»

«ጎታ። ኤረር።» የመሃል ጣቷ አንጓ ላይ ትንሽ ቆዩ። «ሁርሶ። ድሬዳዋ።»

ሁለቱ ተባብረው ለእጁ አንጓዎች ሁሉ የጣቢያ ስም ሰጥተውላቸዋል። ሽንሌ፣ ሐርዋ፣ አዲገላ እያሉ ወደ አውራ ጣት ተሻገሩ፤ ከአይሻና ከደወሌ በኋላ በአሊ ሳቢህና በሆልሆል ጥፍር ጥፍሩን ሄደው ጅቡቲ ደረሱ። ጅቡቲ አሥራ ስምንተኛ ነች። የአውራ ጣቷ ጥፍር ቀረ።

«እዚህስ ምን አለ?»

«እዚህማ ሐዲዱ አለቀ፤ ባሕር ነው።»

«ሸጋ!» አሉ አያቴ። «ሸጋ ነው! አሥራ ዘጠኝ ሲሞላ ሒሳቡም እንደዚሁ ያልቃል።»

«አባባ፣ መጥቻለሁ» አልኩ።

«እጅሽን ታጠቢና ነይ፣ ትርንጎዬ።»

ታጠብኩ። ከክርኔ በላይ ድረስ ታጠብኩ፤ ጥፍሬን በስንጥር ጠረግሁ። መጥቼ ቆምኩ። አያቴ «ቆይ፣ ቤዛ ትጨርስ» አሉኝ። ቆምኩ። ቤዛ አልጨረሰችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጄን ማንም አልጠየቀኝም፤ በግራ እጄም ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ።

የመጀመሪያዬን ግጥም የጻፍኩት በዚያ ሳምንት ነው። በከሰል፣ በቤታችን የኋላ ግድግዳ ላይ፦

ባቡር አለኝ ትላለች፣ ሐዲድ አለኝ ትላለች፤
ከባቡሯ ወርዳ እጄ ላይ ቆማለች።

እንዳታየው ፈርቼ ሳይሆን እንድታየው ብዬ ነው የጻፍኩት። አየችው። ጮክ ብላ አነበበችው፤ ከዚያ እንደገና በለሆሳስ። «አቦ፣ አንቺ ነሽ ይህን የጻፍሽው? ቤት ይመታል እኮ!» አለችና አቀፈችኝ። ስለ ማን እንደሆነ አልገባትም ወይም ገብቷት ቤት መምታቱ በለጠባት። የቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሁለቱም ያናድደኛል። እናቴ ግን ግድግዳውን በጭድ አስፈግፍጋ አስጠፋችኝ።

በፍልሰታ ጾም አንድ ቀን የእናቴ ስልክ ጮኸ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። አያቴና ቤዛ እልፍኝ ውስጥ ሐዲዳቸውን ይቆጥራሉ። እኔ ማድ ቤት ነበርኩና አነሣሁት። የአያቴ ድምፅ ነበር፤ እርጅናው ተነሥቶለት የጎለመሰ የአያቴ ድምፅ። 

«ማን ልበል? የእህቴ ልጅ ነሽ?»

«አዎ። ትርንጎ ነኝ።»

«እንደምን ነሽ የእኔ ልጅ? አባባ ደኅና ናቸው? ቤዛስ አስቸገረቻችሁ?»

ለቤዛ ያለኝን ሁሉ ዋጥኩና ሌላ ጠየቅሁ። «ባቡሩ ደኅና ነው?»

«የቱ ባቡር?»

«እርስዎ የሚነዱት።»

ሳቀ። የሚያስደስት ሳቅ አልነበረም። «እኔ ነድቼ አላውቅም። ሐዲድ ነበር የምጠግነው። እሱም ቢሆን ባቡሩ ከቆመ ዓመታት አለፈ። አሁን የተገኘውን ጭነት አወርዳለሁ፣ ሲጠፋም ሐዲዱ ላይ ሄጄ እቀመጣለሁ።»

«ቤዛ ግን እስከ ባሕሩ…»

«የት ተሳፍራ! ሕፃን ሆና ሲያልፍ አይታዋለች፣ በቃ። ጣቢያዎቹን እንቅልፍ እንዲወስዳት እኔ ነኝ የምጠራላት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናንተ ዘንድ እህል እንድትጠግብ ብዬ ነው የላክኋት። ለአባቴ ግን እንዳትነግሪ። እሺ? ትርንጎ፣ እሺ በዪኝ።»

«እሺ» አልኩት።

ውኃ ጉንጬ ውስጥ ይዤ እንደምዞር ሆንኩ። ልውጠው አልቻልኩም፤ ልተፋውም ጊዜው አልደረሰም። ቤዛ አንጓ ስታስቆጥር አየኋት፤ ያሳዝነኝ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላሳዘነኝም። ኤረርን አላየችውም። ባሕሩን አላየችውም። እኔም አላየሁም። ታዲያ በምን በለጠችኝ?

ጳጉሜን ገባ። በእኛ ዘንድ በሩፋኤል ዕለት ሰማይ ይከፈታል፤ የዚያን ቀን ዝናብ ጠበል ነው። ልጆች ሁሉ ልብሳቸውን አውልቀው ደጅ ለደጅ ይጠባበቃሉ። ደመናው ወርዶ ግንቡን ሸፍኖታል። እኛ አራታችን እልፍኝ ውስጥ ነበርን፤ አያቴ ለቅዱስ ዮሐንስ ይዘጋጃሉ።

«ዘንድሮ» አሉ አያቴ፣ «የቤዛ እጅ ይውጣ። ዐውደ ምሕረቱ ላይ ይዣት እቆማለሁ።»

«ያልተሄደበት አይቆጠርም ብለውኝ የለ?» አልኩ።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ።

«ብያለሁ» አሉ አያቴ።

«እሷ አልሄደችበትም። ባቡር ተሳፍራ አታውቅም። ኤረርንም አታውቀውም። ባቡሩ ራሱ ቆሟል፤ ከቆመ ዓመታት አለፈ።» ቤዛ አፏን ከፍታ ታየኛለች። እንዳያስተባብሉብኝ የመጨረሻውን ማስረጃ ጨመርኩበት። «አጎቴ አይነዳም። ሥራም የለው፤ ሸክም ነው የሚሸከመው። በስልክ ራሱ ነግሮኛል።»

ሰማዩ ያን ጊዜ ተከፈተ። ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ዝናቡ ሲመታው ማንም ማንንም አይሰማም። ከውጭ የልጆች ጩኸት መጣ። አያቴ ዘለግ አድርገው፣ ከዝናቡ በላይ፣ ተናገሩ፤ ግን ለእኔ አልነበረም።

«ቤዛ፤ አባትሽ ምን እየበላ ነው?»

 አያቴ እጇን እንደያዙ ነበሩ፤ ጣቶቻቸው ግን አይሄዱም፤ የመሃል ጣቷ ላይ ቆመው ቀርተዋል። እሷ ቀስ ብላ እጇን አወጣች። «ምን አደረግኩሽ፣ ትርንጎ?» አለችኝ። ይህን ብላ ዝናቡ ውስጥ ገባች፤ ከነልብሷ። የጎረቤት ሴቶች በየበራቸው ሆነው «እሰይ! የድሬዋ ልጅ ጠበሉን አወቀችው!» እያሉ እልል አሉላት። ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር። እያለቀሰች መሆኗን ያወቅሁ እኔ ብቻ ነኝ።

ያሸነፍኩት እንደዚህ ነው።

በማግሥቱ አያቴ እናቴን «ያን ስልክ አምጪው» አሏት። ደወለችላቸው። ገልብጠው ያዙት፤ አስተካከለችላቸው። ከዚያኛው ጫፍ አጎቴ «ሃሎ» ሲል ሁላችንም ሰማን። አያቴ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ጣቢያዎቹን በቃሌ ይዣቸዋለሁ።»

ስልኩን ለእናቴ መለሱላትና ወደ ግድግዳው ዞሩ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። እኔ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ አያቴ እኔን አልተቆጡኝም። አለመቆጣታቸውን ትክክል ነሽ ማለት አድርጌ ወሰድኩት።

በበዓሉ ዋዜማ እኔ የእግሬን ጭቃ ስታጠብ ቤዛ ደረሰችብኝና አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ከሩፋኤል ወዲህ አላናገረችኝም ነበር።

«ነገ አውራ ጣትሽን አታጥፊው» አለችኝ። «አጥፈሽ ነው የምትይዥው፤ አይቼሻለሁ። ባሕሩን ሲያጡት ይደነግጣሉ።»

«ማን አለ እኔ እንደምወጣ?»

«አንቺ ነሽ የምትወጪ።» ውኃውን ከጣሳው አፈሰሰችልኝ። «እኔ አልሄድኩበትማ።»

እውነትም በቅዱስ ዮሐንስ ጠዋት አያቴ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ከተዘጋጁ በኋላ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «ትርንጎ፣ ነይ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። በግራ እጄ እየመራኋቸው ዳገቱን ወጣን። አደይ አበባው በየአጥሩ ሥር ፈንድቷል። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ አያ በላይ ከበሩ ላይ «የኔታ፣ ዘንድሮስ ሰማዩ ደኅና ነው?» ብለው ቀለዱባቸው። አያቴ «ቆጥሬ እነግርሃለሁ» አሉ።

ቅዳሴው ሲያበቃ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆምን።  በቤቱ ሁሉ ሰው ፊት፣ በሰፈሩ ልጆች ፊት፣ ፉርጎ በሆንኩላቸው ሁሉ ፊት፣ አያቴ ግራ እጄን ያዙ። አውራ ጣቴን ዘረጋሁት። የጥቁር አዝሙዱ ሽታ መጣ። ክረምቱን ሙሉ የፈለግሁት ይህን ነበር።

የትንሿን ጣቴን ሥር ያዙና ጎንበስ አሉ። ከንፈራቸው ጆሮዬ አጠገብ ነበር፤ ከእኔ በቀር የሚሰማቸው አልነበረም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እንዲሉ ጠበቅሁ።

«መተሐራ» አሉ። «አዋሽ። አሰቦት።»

እጄን ልነጥቅ ቃጣኝ። አልነጠቅሁም። በቀለበት ጣቴ ላይ፣ በዚያ ጨረቃን የዘጋሁበት ጠባሳ ላይ፣ ሚኤሶና ሙሉ አለፉ። ኤረር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ሕዝቡ እየጠበቀ ቆሙ፤ ጣታቸው የመሃል ጣቴን አንጓ ሁለት ጊዜ አሻሸው፣ የታመመ ሕፃን ግንባር እንደሚያሻሹ። ከዚያ ሁርሶ። ድሬዳዋ ላይም እንደዚያው ቆዩ። እጁ የእኔ ነው፤ አጥንቱም ጥፍሩም የእኔ ነው፤ የሚሄዱት ግን ወደ እኔ አልነበረም።

ያ ዓመት ከአሥራ ዘጠኙ የመጨረሻው ነው፤ ቁጥሩ ሙሉ ነበር። ጥፍር ጥፍሩን ሄደው፣ ጅቡቲን አልፈው፣ የአውራ ጣቴን ጥፍር ነኩ። «ባሕር» አሉ። ከዚያ እንደ ሕጉ፣ «አንድ ለዘመኑ።»

ያን ጊዜ ቀና አልኩ። ቤዛ ከሴቶቹ መሃል፣ ከእናቴ ጃንጥላ ሥር ነበረች። እኛን አታይም ነበር። ግራ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በቀኟ ጣት ትቆጥራለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የአያቴ ጣት ባሕሩ ላይ ሳለ የእሷ ጣት ከአውራ ጣቷ ተነሥቶ ወደ ሌባ ጣቷ ጥፍር ተመልሷል።

አያቴ በዚያ በማይረሳኝ ድምፃቸው «ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ ነው! ወንበር አሥራ ስምንት!» ብለው አወጁ። ሕዝቡ እልል አለ።

እኛ ገና ከባሕሩ ስንነሣ፣ እሷ ቀድማን ጅቡቲ ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር።